«ሳይኮሎጂ ቀላል ነው» ብለውኝ ነበር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ብዙ የኮሌጅ ተማሪ ገና ሲገባ ስለሚወስደው የመግቢያ ሳይኮሎጂ ኮርስ። ወደቅኩበት የሚል አለ፣ አስፈራኝ የምትል አለች፣ «ልጄን ምን እያስተማሩብኝ ነው?» የሚሉ ወላጅም አሉ። ኮርሱን ለዓመታት ስላስተማርኩት፣ ደግሞም ከልቤ ስለምወደው፣ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሳይኮሎጂን የወሰድኩት «ቀላል ነው፣ ግሬድህን ከፍ ያደርግልሃል» ስላሉኝ ነው። እውነትም ሳነበው ይገባኛል። ክላስ አልቀርም። መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤ፣ ግማሹን በሃይላይተር ቀብቼ ሚድ ተፈተንኩ። ውጤቱ ከግማሽ በታች መጣ። ጥያቄዎቹ ካላነበብኩት ቦታ የመጡ አይደሉም፣ ግን አራቱም ምርጫዎች ትክክል ይመስሉኛል። ፊዚክስ እንኳ እንዲህ አልጣለኝም። ምን ላድርግ?
ግራ የገባው

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ቀላል ነው» ያለህን ሰው እርሳው። ይህ ኮርስ ቀላል የሚመስለው ቃላቱን ከልጅነትህ ጀምሮ ስለምታውቃቸው ነው። ትውስታ፣ ስሜት፣ ቅጣት፣ ጭንቀት፣ ስብዕና። ይህን የማያውቅ ማን አለ? ፊዚክስ ላይ ቀመሩ ካልገባህ እንዳልገባህ ወዲያው ታውቃለህ። እዚህ ግን ዓይንህ ምንም ሳያደናቅፈው ገጹን ያልፋል፣ «ይሄማ የታወቀ ነው» እያልክ ምዕራፉን ትጨርሳለህ፣ ፈተናው ደግሞ የሚጠይቅህ አንተ የምታውቀውን ሳይሆን ሳይኮሎጂ ለዚያው ቃል የሰጠውን ጠበብ ያለ ትርጉም ነው። አራቱም ምርጫዎች ትክክል የመሰሉህ ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ አብረን እንይ። አንድ ልጅ ከረሜላ ካልተሰጠኝ ብሎ ያለቅሳል። እናቱ ታግሣ ታግሣ ሲመራት ትሰጠዋለች። ልጁ ጸጥ ይላል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የእናትየውን ባህሪ ያጠናከረው ምንድን ነው? ብዙ ተማሪ ሐሳቡ ልጁ ጋ ይሄድና፣ ከረሜላው ሽልማት ነው ብሎ «ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት» የሚለውን ያከብበታል። ስለ ልጁ ቢሆን ትክክል ነበር፤ አለቀሰ፣ ከረሜላ አገኘ፣ ነገም ያለቅሳል። የተጠየቀው ግን ስለ እናትየው ነው። እሷ ከረሜላውን ስትሰጥ ያስጨነቃት ጩኸት ቆመላት። የሚያስጠላ ነገር ስለተወገደላት ነገም መስጠቷ አይቀርም። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ይሄ ነው። ቅጣት አይደለም። ቅጣት ባህሪን ይቀንሳል፤ ሪኢንፎርስመንት ግን ፖዘቲቭም ይሁን ኔጌቲቭ ባህሪን ያበረታል። አንደኛው የሚያደርገው ነገር በመጨመር፣ ሌላኛው ነገር በማንሳት ነው፣ ልዩነታቸው ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ በየሴሚስተሩ አወጣለሁ፣ በየሴሚስተሩም ትርጉሙን ቃል በቃል የሚወጣልኝ ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር ይሳሳተዋል።

አሁን ወደ አጠናንህ። ደጋግሞ ማንበብና መቀባት ጊዜህን ይበላል እንጂ ብዙም አያስይዝህም። ይህን የምልህ ከራሴ አውጥቼ አይደለም። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን በአራት ዙር ደጋግሞ አነበበው። ሌላው ቡድን በአንድ ዙር ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ሲያነቡ የነበሩት 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ ሲጽፉ የነበሩት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። የበለጠ ልብ በል የምልህ ግን ይህ ነው፤ ገና ከሳምንቱ በፊት «ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ያነበቡት ነበሩ። ሚድ ከመግባትህ በፊት የተሰማህ «ገብቶኛል» የሚለው ስሜት እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ንዑስ ርዕስ አንብብ፣ መጽሐፉን ክደን፣ ባዶ ወረቀት አውጣና የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍ። ሲጀመር ያበሳጫል፣ ሦስት መስመር ጽፈህ ትደርቃለህ። ተው፣ አትክፈት፣ ትንሽ ታገል። ከዚያ ገልጠህ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙላ። በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ከባዶ ጀምር። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው የተማርነው ነገር አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፣ በቀናት አራርቆ ማጥናትም በአንድ ቁጭታ ከማጥናት ይሻላል። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መቸከል ለሳይኮሎጂ አይሆንም። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቃል ከራስህ ሕይወት አንድ ምሳሌ ፍጠር፣ የምርጫ ጥያቄ ስትሠራም ትክክለኛውን አግኝተህ አትለፍ፤ ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ ለጓደኛህ አስረዳው። ለፋይናል ገና ጊዜ አለህ።

ጥያቄ፦ ስንት ስምና ዓመተ ምሕረት ነው መሸምደድ ያለብኝ? መጽሐፉ በስም ተሞልቷል።
አጭር ጥያቄ ያላት

መልስ፦ ከምትፈሪው በጣም ያነሰ። ዊልሄልም ቩንት በ1879 ላይፕዚሽ ውስጥ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ማቋቋሙን ያዢ፣ እሱ እንደ መነሻ ስለሚቆጠር ብዙ መምህራን ይጠይቁታል። ለሌሎቹ ሰው፣ ሥራው፣ ያገኘው ነገር፤ ሦስቱን በአንድ አረፍተ ነገር አያይዢ። ፓቭሎቭ ለምሳሌ የሳይኮሎጂ ሰው አልነበረም፣ የምግብ መፈጨትን የሚያጠና ፊዚዮሎጂስት ነበር፣ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚያ ነው። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ መጪውን ገና ሲያውቁት ምራቃቸው እንደሚወርድ ያስተዋለው በዚሁ ሥራው ላይ ሳለ ነው። ታሪኩን እንዲህ ካወቅሽው ስሙ ራሱ ይያዛል። የቀረውን ዓመተ ምሕረት መምህርሽ ካልጠየቀ ተይው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ምዕራፍ «የምርምር ዘዴዎች» ይላል። ናሙና፣ ተለዋዋጭ፣ መላምት፣ ግራፍ። እኔ ሳይኮሎጂን የመረጥኩት ሰውን ለመረዳት እንጂ ስታቲስቲክስ ለመማር አልነበረም። ብዘለውና ህልምና ስብዕና ላይ ባተኩር ምን ይቀርብኛል?
ሒሳብ የማይወድ

መልስ፦ ኮርሱ ይቀርብሃል። የማጋንን እንዳይመስልህ፣ የምሬን ነው። ሰው ስለ ሰው የማይለው ነገር የለም። አያቶቻችንም ይላሉ፣ ጎረቤትም ይላል፣ ቲክቶክ ላይ ያለውም ይላል። ሳይኮሎጂን ከእነዚህ የሚለየው «እንዴት አወቅክ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መያዙ ነው፣ ያ መልስ ደግሞ ያለው አንተ ልትዘለው በፈለግከው ምዕራፍ ውስጥ ነው። እሱን ከዘለልክ ቀሪው መጽሐፍ የአባባል ስብስብ ይሆንብሃል።

አንድ ነገር ልስጥህ። ትልቅ ጫማ የሚያደርጉ ልጆች ትንሽ ጫማ ከሚያደርጉት የተሻለ ያነባሉ። እውነት ነው። ታዲያ ልጅህ ንባብ እንዲጎብዝ ሰፊ ጫማ ትገዛለታለህ? አትገዛም፣ ምክንያቱም ከሁለቱም ጀርባ ዕድሜ እንዳለ ታውቃለህ፤ ልጅ ሲያድግ እግሩም ያድጋል ንባቡም ይሻሻላል። በጫማው ላይ ማንም አይታለልም። «ስልክ የሚያበዙ ወጣቶች ይበልጥ ይጨነቃሉ» ሲባል ግን ሁላችንም ጥያቄ ሳንጠይቅ እንቀበላለን። ስልኩ ይሆን ያስጨነቃቸው? ወይስ የተጨነቀ ሰው ነው ስልክ የሚያበዛው? ወይስ ሁለቱንም ያመጣ ሦስተኛ ነገር አለ? ኮሪሌሽን፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸው፣ ብቻውን ይህን አይመልስም።

የሚመልሰው ሙከራ ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር በ1974 ያሳተሙትን እስኪ ተመልከተው። ለ45 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልሞች አሳዩአቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ መኪኖቹ በስንት ፍጥነት ይሄዱ ነበር? ለአንዳንዱ «ሲነካኩ»፣ ለአንዳንዱ «ሲጋጩ»፣ ለአንዳንዱ ደግሞ «ተላትመው ሲደቁ» ብለው ነው የጠየቁት። ፊልሙ ያው ነው። ጥያቄው ያው ነው። የተቀየረው አንዲት ግሥ ናት። «ሲነካኩ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ ሲሉ «ተላትመው ሲደቁ» የተባሉት 41 ማይል ገደማ አሉ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። በጠንካራው ግሥ ከተጠየቁት 50 ሰዎች ውስጥ ግን 16ቱ «አዎ» አሉ፣ ስለ ፍጥነት ጭራሽ ካልተጠየቁት 50 ውስጥ ደግሞ 6ቱ ብቻ። አሁን የምዕራፍ ሁለት ዋና ዋና ሐሳቦች እዚህ አሉልህ። ተመራማሪው የቀየረው ተለዋዋጭ ግሡ ነው፣ የለካው ተለዋዋጭ የተገመተው ፍጥነት ነው፣ ያልተጠየቁት ማነጻጸሪያ ቡድን ናቸው። ማን በየትኛው ግሥ እንደሚጠየቅ የሚወሰነው ደግሞ በዕጣ ነው፤ ችኩሉም ረጋ ያለውም በየቡድኑ እንዲበተን፣ ልዩነት ከመጣ ከግሡ መጣ ማለት እንዲቻል።

በዕጣ መመደብና በዕጣ መምረጥ አንድ አይደሉም። መመደብ ማለት ያሉህን ሰዎች በቡድን መከፋፈል ነው፤ ምክንያትንና ውጤትን ለመለየት። መምረጥ ማለት ሰዎቹን ከመላው ሕዝብ ማውጣት ነው፤ ግኝቱ ለሌላውም ይሠራል ለማለት። ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ይመጣል፣ አትጠራጠር። ሒሳቡ ደግሞ በመግቢያ ኮርስ ከአማካይ፣ ከስርጭትና ግራፍ ከማንበብ ብዙም አያልፍም።

ጥያቄ፦ እኔ ወላጅ ነኝ። ልጄ ሳይኮሎጂ እየተማረች ነው፣ ሜጀሯም ልታደርገው ታስባለች። በቀደም እራት ላይ ተቀምጠን «በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ታዋቂ ሙከራዎች ግማሾቹ ውሸት ናቸው ተብሏል» አለችኝ። እንደዚያ ከሆነ ለምን ታጠናዋለች? ሳይንስ ነው ወይስ አይደለም?
አሳሳቢ ነገር የሆነባቸው እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ የሰማችው ነገር መሠረት አለው። ግን «ውሸት» የሚለው ለሁሉም አይሠራም፣ ነጣጥለን እንየው።

በ1971 ፊሊፕ ዚምባርዶ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእስር ቤት ሙከራ አካሄደ። ወጣቶችን እስረኛና ጠባቂ ብሎ ከፈላቸው። ሁለት ሳምንት ይቆያል ተብሎ በስድስት ቀን ተቋረጠ፣ ጠባቂዎቹ ጨካኝ ስለሆኑ። ለረጅም ዘመን «ሰው ሥልጣን ሲሰጠው በራሱ ጊዜ ይጨክናል» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ተማርንበት። በኋላ የወጡት የድምፅ ቅጂዎች ግን አንድ ጠባቂ ይበልጥ እንዲጠነክር ከአዘጋጆቹ ወገን ሲገፋፋ ያሰማሉ። «በራሱ ጊዜ» የሚለው እዚያ ላይ ይወድቃል። እኔ ይህን ሙከራ ዛሬ የማስተምረው ጥሩ ሙከራ ለመሆን ምን እንደሚጎድለው ለማሳየት ነው።

የስታንሊ ሚልግራም ግን ሌላ ነው። በ1963 ባሳተመው ጥናት ከ40 ሰዎች 26ቱ፣ ማለትም 65 በመቶው፣ «ቀጥል» ስለተባሉ ብቻ በሌላ ክፍል ላለ ሰው እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ የሰጡ መስሏቸው ማብሪያውን ተጫኑ። ኤሌክትሪኩ ሐሰተኛ ነበር፣ የተጫኑት ሰዎች ጭንቀት ግን እውነተኛ ነበር፣ በሥነ ምግባር በኩል እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ሆኖም በ2009 ጄሪ በርገር 150 ቮልት ላይ በማቆም ጠንቀቅ ብሎ ሲደግመው 70 በመቶው ለመቀጠል ዝግጁ ሆነው አገኛቸው። ስለ ትርጉሙ ይከራከራሉ፣ ውጤቱ ግን ተነነ ማለት አይቻልም።

ልጅዎ «ግማሾቹ» ያለችው ምናልባት ከ2015ቱ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዓመት ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደገሙ፤ የመጀመሪያው ውጤት በስታቲስቲክስ መለኪያ እንደገና የተገኘው በ36 በመቶው ገደማ ብቻ ነበር። ያስደነግጣል። ግን ልብ ይበሉልኝ፣ ይህን ፈልገው ያገኙትና ያተሙት የሳይኮሎጂ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪ መላምቱን ከሙከራው በፊት ያስመዘግባል፣ መረጃውንም ክፍት ያደርጋል። የራሱን ስህተት እያደነ የሚያወጣ ትምህርት ልጅዎን አያበላሻትም።

ሌላም ልጨምርልዎ። በ2010 ሄንሪክና ባልደረቦቹ የጻፉት ጽሑፍ እንዳስታወሰው፣ በታዋቂ ጆርናሎች የታተሙ ጥናቶች ተሳታፊዎች 96 በመቶ ያህሉ የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶው ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። «ሰው እንዲህ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ «የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ እንዲህ ነው» ማለት ነበር። ለየት ያለም አለ፤ ሜሪ ኤንስዎርዝ ስለ ሕፃንና እናት ትስስር ያላት ሐሳብ መሠረቱ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደች እናቶችንና ሕፃናትን የተመለከተችው ነው። ልጅዎ በሜጀሯ ከገፋችበት ገና ያልተጠና ሕዝብ፣ ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ ይጠብቃታል። እኔ ብሆን አበረታታት ነበር። ስለ ሥራው ግን አንድ ነገር ትወቅ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሳይኮሎጂስት ሆኖ ሰው ማከም በብዙ አገር አይቻልም፣ ለዚያ ተጨማሪ ትምህርትና ልምምድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ መምህራችን ለጥቂት ማርክ ብሎ የምርምር ሙከራ ላይ እንድንሳተፍ ጠየቀን። ደስ አላለኝም። እምቢ ማለት እችላለሁ?
ስሜ ይቅር

መልስ፦ ትችያለሽ። በሙከራ መሳተፍ በፈቃድ ነው፤ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ሊነገርሽ ይገባል፣ ከጀመርሽ በኋላም ምክንያት ሳትሰጪ መውጣት ትችያለሽ። ማርኩን የሚያስገኝ ሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ አጭር ጽሑፍ፣ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ይህ ደንብ በከንቱ አልመጣም። በ1920 ዋትሰን እና ሬይነር አንድ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ነጭ አይጥ በታየ ቁጥር ከጀርባው ብረት እያስጮሁ አይጥ እንዲፈራ አደረጉት፣ ፍርሃቱን ሳያስለቅቁትም ሙከራው አበቃ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳት የሌለው ከሆነ አንዱን ሞክሪው፤ ምዕራፍ ሁለትን ከውስጥ ሆነሽ ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። እያነበብኩ ሁሉንም ራሴ ላይ አገኘሁት። ጭንቀት አለብኝ፣ ድብርት አለብኝ፣ በር መቆለፌን ደግሜ አያለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለባት ትመስለኛለች። ይባስ ብሎ ጓደኞቼ «ዶክተር» እያሉ ችግራቸውን ያወሩኛል፣ ምን እንደምላቸው አላውቅም። እንቅልፍ አጣሁ።
ያሳሰባት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የሕክምና ተማሪዎች የሚያነቡትን በሽታ ሁሉ ራሳቸው ላይ እንደሚያገኙት የታወቀ ነው፣ ሳይኮሎጂ ላይም ያጋጥማል፤ ምልክቶቹ ሁላችንም የምናውቃቸው ስሜቶች ናቸውና። ማዘን፣ መፍራት፣ በር ደግሞ ማየት የሰው ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ከምልክቶቹ ሥር ያሉትን ሁለት ሦስት መስመሮች ተመልሰሽ አንብቢያቸው፣ ብዙ ተማሪ የሚያልፋቸው እነሱን ነው። ድብርትን እንውሰድ። ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ፣ ከአምስቱም አንዱ የስሜት መጨለም ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ሆኖ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብዛኛውን ቀን መቆየት አለባቸው፤ ያ ብቻ አይበቃም፣ ሰውየውን ክፉኛ ማስጨነቅ ወይም ሥራውን፣ ትምህርቱን ወይም ግንኙነቱን ማወክ አለባቸው። ከፈተና በኋላ ለሁለት ቀን መከፋት እዚህ ውስጥ አይገባም።

ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያሳይ የቆየ ሙከራ አለ። በርትራም ፎረር በ1940ዎቹ መጨረሻ ለተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው «ውጤታችሁ ይኸው» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ምን ያህል እናንተን ይገልጻል ብሎ ሲጠይቃቸው ከአምስት በአማካይ ከአራት በላይ ሰጡት። ለሁሉም የሰጣቸው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር።

አብራሽ ስለምትኖረው ልጅ፣ እባክሽ ስም አትለጥፊባት። አንድ ምዕራፍ አንብቦ «ባይፖላር ናት» ማለት ሰው ይጎዳል፣ ወሬው ደግሞ ከአንቺ አፍ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አታውቂም። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ ሰዓት ወስዶ፣ ጠይቆ፣ ታሪክ ሰምቶ ነው የሚደርስበት። ጓደኞችሽ ሲያወሩሽ አድምጫቸው፣ ማድመጥ ዲግሪ አይፈልግም። ምክር ለመስጠት አትቸኩዪ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ለሌላ ሰው ነግረሃል?» ብለሽ ጠይቂ፣ ነገሩ ከበድ ካለ ወደ ኮሌጁ የምክር አገልግሎት አብረሽው ሂጂ። ማንም ሰው ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ ግን ምስጢር ብለሽ አትያዢው፣ በዚያው ቀን ለባለሙያ ወይም ለሚመለከተው ሰው መድረስ አለበት።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ። እንቅልፍ አጣሁ ብለሻል። ከፈተናው ጋር የመጣ ከሆነና ከፈተናው ጋር ካለፈ መልካም። ምዕራፉ ካለቀም በኋላ ከቀጠለ፣ ወይም ክላስ መግባት ካቃተሽ፣ መጽሐፉን ትተሽ ሰው አናግሪ። ይህን የምለው ታመሻል ለማለት አይደለም፤ ለማረጋገጥ መጽሐፍ ከባለሙያ ስለማይሻል ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ እየሠራሁ ማታ ማታ የምማር፣ ዕድሜዬም ገፋ ያለ ሰው ነኝ። የአንጎል ምዕራፍ ገደለኝ። ኒውሮን፣ ሲናፕስ፣ ሂፖካምፐስ፣ ባዮሎጂ የተማርኩት ድሮ ነው። መምህሩ ከስላይድ ላይ እያነበበ ያልፈዋል። ልጣለው እንዴ?
የማታ ተማሪ

መልስ፦ አይጣሉት፣ ቢያንስ ገና አሁን አይጣሉት። ይህ ምዕራፍ ከኮርሱ ሁሉ ስም የሚበዛበት ነው፤ እሱን ካለፉ የሚቀጥለው ይቀልዎታል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ስሞቹ ከሰው ተነጥለው መምጣታቸው ነው። ሂፖካምፐስን «ለትውስታ» ብለው ከሚሸመድዱት ሄንሪ ሞሌሰንን ይወቁት። የሚጥል በሽታ ስላሠቃየው በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ከሁለቱም የአንጎሉ ወገን አብዛኛውን ሂፖካምፐስና ዙሪያውን ያለውን ክፍል በቀዶ ሕክምና አወጡለት። በሽታው ቀነሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም፤ ከሐኪሙ ጋር አውርቶ፣ ሐኪሙ ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ሰው ይተዋወቀዋል። ልጅነቱን ያስታውሳል። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። ከባድ ነው፣ እጅ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። በየቀኑ ስህተቱ እየቀነሰ መጣ፣ በየቀኑ ግን «ይህን ሠርቼ አላውቅም» ይላል። እጁ ተምሯል፣ እሱ አያውቅም። ከዚህ አንድ ሰው ብቻ ሂፖካምፐስ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና ትውስታ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ሦስቱንም ያገኛሉ።

ለኒውሮን፣ ማለትም ለነርቭ ሕዋሱ፣ ደግሞ ወረቀት ያውጡና ከራስዎ ይሳሉት፦ መልእክት የሚቀበለው ቅርንጫፍ፣ የሕዋሱ አካል፣ ረጅሙ ጭራ፣ በጫፉ ላይ ያለው ክፍተት (ሲናፕስ የሚሉት እሱን ነው)። ከዚያ ምልክቱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጣትዎን እያስኬዱ ጮክ ብለው ይናገሩ። ኒውሮን ወይ ይተኩሳል ወይ አይተኩስም፣ ግማሽ የለውም፤ ብርቱ ስሜት ሲመጣ የሚጨምረው የተኩሱ ብዛት ነው። ይህችን ነጥብ ይያዙ፣ ለፈተና ትወደዳለች። ሳሉ የምልዎት «በማየት የሚማር ሰው ነዎት» ብዬ አይደለም፤ ሰውን በማየትና በመስማት የሚማር ብሎ ከፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ እንደሌለ በ2008 የወጣ ሰፊ ዳሰሳ አሳይቷል። መሳል የሚጠቅምዎት ከራስዎ እንዲያወጡት ስለሚያስገድድዎት ነው።

ኮርስ መጣያው ቀን መቼ እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቀው ይወቁ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መምህሩ ቢሮ የሳሉትን ይዘው ይሂዱና «እዚህ ጋ ነው የጠፋብኝ» ብለው በጣትዎ ያሳዩት። ስላይድ እያነበበ የሚያልፍ መምህር እንኳ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙ ነው።